ሁለት ደቂቃ ለትዕግስት

ባለቤቴ ደረጀ ቴሌቪዥን አያይም፤ ቴሌቪዥን ያናግራል። ኳስ ሲሆን ለዳኛው ምክር ይሰጣል። የምግብ ዝግጅት ሲሆን «ኧረ እሳቱን ቀንሺው!» ይላል። የአየር ሁኔታ የምታቀርበዋን ሴትማ ተቀይሟታል፤ አንድ ቀን ዝናብ የለም ብላው፣ መኪናውን አጥቦ ሳይጨርስ ስለዘነበ እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም። እንዲህ ያለ ሰው የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክር ሲያይ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

እኔ የማጫውታችሁ ግን ስለ እሱ ጩኸት ብቻ አይደለም። አገሩ በሙሉ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ባየበት በዚያ ምሽት፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ሌላ ክርክር ተነሳ። የኔ ኑሮ አቅጣጫውን የቀየረው በሁለተኛው ነው።

ስሜ ትዕግስት ነው። ቤተሰቦቼ ምን አስበው እንዳወጡልኝ አላውቅም፤ ደረጀ ግን ስሜን እንደ ውል የፈረምኩለት ይመስለው ነበር። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ ስንመጣ መጀመሪያ ሜሪላንድ ገባን። ከዚያ አንድ ጓደኛው ደውሎ «ሚኒሶታ ሥራ ሞልቷል» አለው፤ ሚኒሶታ ሄድን። እዚያ ብርዱን ገና ሳንለምደው ሌላ ጓደኛው «ኮሎምበስ ቤት ርካሽ ነው» አለው፤ ወደ ኦሃዮ መጣን። ደረጀ ይወስናል፣ እኔ ዕቃ አሽጋለሁ። በማሸግ በኩል ማንም አይደርስብኝም፤ ብርጭቆ በካልሲ ጠቅልዬ ሦስት ስቴት አሻግሬ አንድ አልተሰበረብኝም።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ደረጀ ሰው ከኤርፖርት እያመላለሰ ይነዳል። እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስካን እያደረግኩ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ፤ ማታ ማታ ቀኝ ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም። ልጃችን ሊያ ሃይስኩል ናት። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ግማሽ በግማሽ ነው።

በዚያ ዓመት ደግሞ የደረጀ የአጎት ልጅ ሳምሶን ከዳላስ መደወል ጀመረ። «ናና የጭነት ትራክ አብረን እንሥራ፤ እስከ መቼ የሰው ሻንጣ ትጭናለህ!» ይለዋል። ደረጀ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሳሎኑን እየዞረ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን ሳምሶን «ትዕግስትስ ምን አለች?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ።

«ትዕግስት ምን ትላለች! እሷ ከኔ ጋር ናት» አለው።

ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ። ግን ለማንም ያልተነፈስኩት አንድ ነገር በሆዴ ነበር። ሰነባብቷል፤ ቀን በቀን እያደገ መጥቶ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀምሯል።

የአፓርትመንቱ ቢሮ የኪራይ ውሉን እንደምናድስ ወይም እንደማናድስ መልስ የጠየቀን ለሐሙስ ነው። ክርክሩ ረቡዕ ምሽት ነው። ደረጀ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ስልክ ሊደውል ተዘጋጅቷል፤ አንዱ ለቢሮው «ለቀናል» ብሎ፣ ሌላው ለሳምሶን «መጣን» ብሎ። እኔ ባዶ ካርቶን ከሥራ ማምጣት ጀምሬያለሁ።

ረቡዕ ምሽት ከላይኛው ፎቅ ጋሼ ንጉሤ መጡ። ጋሼ ንጉሤ ኤርፖርት ፓርኪንግ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የኛን ሶፋ ስለማያምኑት የራሳቸውን ትራስ ይዘው ነው የሚመጡት። የሚደግፉትም ደረጀ የሚደግፈውን ዕጩ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ክርክር ሲኖር አንዱ ያለ ሌላው አያይም፤ የሚቆጡት ሰው ካጠገባቸው ከሌለ አይጥማቸውም መሰለኝ። በሶፋው ዳርና ዳር ተቀመጡ፤ እኔ እንደ ድንበር መሀል ገባሁ። ሊያ ምንጣፉ ላይ ላፕቶፕ ዘርግታለች።

ክርክሩ ተጀመረ። ደረጀ ገና የመጀመሪያው መልስ ሳያልቅ ተነሥቶ ቆመ።

«አዩት? ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ! ጋሼ፣ የእርስዎ ሰው እኮ አልመለሰም!»

«ያንተስ መልሷል?»

«የኔ ገና አልተጠየቀም!»

«ቢጠየቅም አይመልስም» አሉ ጋሼ ንጉሤ፣ ትራሳቸውን እያስተካከሉ።

የዚያ ምሽት ደንብ ደግሞ አንዱ ሲናገር የሌላው ማይክ ይዘጋ ነበር። ካሜራው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳያል፤ አንደኛው ያወራል፣ ሌላኛው አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሊያ ሳቀች። «ማሚ፣ ሉክ! ማይኩ ተዘግቶ ያወራል!» አለችኝ። እኔ ግን ያ ድምፅ የሌለው አፍ አንጀቴን በላው። ያን ያህል ሥልጣን የሚፈልግ ሰው አንጀቴን ይበላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወሬው ስለ መጤዎች ሆነ። ደረጀ እንኳን ተቀመጠ። ሁለቱ ዕጩዎች ከሌላ አገር ስለመጣው ሰው ተራ በተራ ተናገሩ፤ ይህን ያህል መጣ፣ ይህን ወሰደ፣ ይህን ሠራ፣ ይህን እናደርገዋለን።

«ስለኛ ነው የሚያወሩት?» አሉ ጋሼ ንጉሤ ዝግ ብለው።

«ስለኛ ነው» አለ ደረጀ።

«እኔን የጠየቀኝ የለም እኮ።»

ይህን ሲሰማ ደረጀ እንደገና ብድግ አለ። «ልክ ነዎት! ቁጭ ብለው ስለኛ ኑሮ ይወስናሉ፤ አንድ ሰው እንኳን ‹እናንተስ ምን ትላላችሁ?› አይልም! ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? የሰው ሕይወት እኮ ነው!»

ሊያ ከላፕቶፑ ቀና አለች።

«ዳድ፣ ስለ ዳላስ ማሚን ጠይቀሃታል?»

ደረጀ ልጁን አየ፣ ጋሼ ንጉሤን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

«እሱ ሌላ ነው» አለ።

«ሃው ኢዝ ኢት ሌላ?»

«እናትሽ ከኔ ጋር ናት። አይደል እንዴ፣ ትጊ?»

«አዎ» ማለት ነበረብኝ። ለዓመታት ስለው ስለኖርኩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ቃሏ አልወጣችም። ሦስቱም ይጠብቁኛል። እኔም እጠብቃለሁ።

ሊያ ሪሞቱን አንሥታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው። ትምህርት ቤት የክርክር ክለብ ውስጥ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚያቆማት የለም። ስልኳን አወጣች። «ኦኬ። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ አንድ አንድ ደቂቃ መልስ። አንዱ ሲያወራ የሌላው ማይክ ዝግ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ገና ያልወሰነ መራጭ ነዎት።»

«እኔ?» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም» ብለው ከጀርባቸው ትራሱን ከፍ አድርገው ቀጥ አሉ።

ደረጀ ቀልድ መስሎት ሳቀና መጀመሪያ ገባ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጃኬት ቢኖረው ኖሮ ይቆልፍ ነበር። «ውድ ቤተሰቦቼ፣ የተከበሩ ጎረቤታችን» ብሎ ጀመረ። ዳላስ ሙቀት እንደሆነ፣ በረዶ አካፋ እንደማያስይዘን፣ ሐበሻ እንደሞላ፣ ሳምሶን እንዴት እንደ ወንድሙ እንደሆነ ደረደረው። ነገሩ ግን በቶሎ አለቀበት። ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሰው፣ የሚያቋርጠው ሲጠፋ ወሬው ሩቅ አይሄድለትም ለካ። ሊያ ስልኳን አሳየችው፤ ገና ጊዜ አለው።

ወደ ጋሼ ንጉሤ ዞረ። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ።

«ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት» አለ። «እርስዎን ሳይ እፈራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው መኪና ሲያስገቡ ሲያስወጡ ኖሩ። እኔም የሰው ሻንጣ አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። ከኋላ ተቀምጦ ስሜን የሚጠይቀኝ የለም። አንድ ነገር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ‹የደረጀ ናት› የምትባል ነገር ሳይኖረኝ እንዳላረጅ ነው። ይሄው ነው።»

ጋሼ ንጉሤ አልተቀየሙም። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ስለ ትራኩ ስንት ወር ሰምቻለሁ፤ ስለ ፍርሃቱ ግን አንድ ቀን አልነገረኝም።

«ማሚ፣ ያንቺ ተራ» አለች ሊያ።

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰከንዱ ይሄዳል። ምን ልበል? ከየት ልጀምር?

«አያችሁ፣ ምንም የላትም እኮ፣ እሷ...»

«ዳድ! ማይክህ ዝግ ነው!»

ደረጀ አፉን በእጁ ያዘ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል፤ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ተማሪ አፉን ይዞ ዓይኑ ብቻ ሲቁለጨለጭ። ያንን ሳይ ጀመርኩ።

«እኔ ዳላስ መሄድ አልፈልግም» አልኩ። የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ማሸግ ሰለቸኝ። አንድ ቦታ ሰው መልመድ ስጀምር እንነሣለን። እዚህ አሁን የማውቀው ሰው አለ፤ የሚያውቀኝም አለ። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ለማንም አልነገርኩም። ጠዋት ሊያን የምትወስደው የስኩል ባስ ሾፌር አለች አይደል? ሁልጊዜ ሰላም ትለኛለች። አንድ ቀን ‹ሾፌር አጥተዋል፤ ራሳቸው ያሠለጥናሉ፤ ለምን አትሞክሪም?› አለችኝ። ሳቅኩባት። በሳምንቱ ግን ከሥራ ስወጣ እግሬ ራሱ ወሰደኝ፤ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሄድኩ። የቆመ ባስ ላይ አስቀመጡኝ። ደሬ፣ እንዴት ከፍ ያለ ነው መሰለህ! ፊት ለፊት መንገዱ ሁሉ ይታያል። ከላይ ባለው መስታወት ደግሞ ከኋላ ያሉት ባዶ ወንበሮች በሙሉ ይታያሉ። እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል። እመጣለሁ አላልኳቸውም፤ አልመጣም ማለት ግን አቃተኝ።»

ሊያ ሰዓቱን ማየት ረስታለች። ጋሼ ንጉሤ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ።

የደረጀ የመልስ ደቂቃ ደረሰች። እጁን ከአፉ ላይ ሲያነሣ እንደ ጠርሙስ ክዳን ፈነዳ።

«ባስ? ትዕግስት ባስ ልትነዳ? ክሊቭላንድ አቬኑን ይዛ እንደ ሰርግ መኪና የምትሄድ ሴት! ሃይዌይ ወጥታ አታውቅም! እኔ እየነዳሁ እሷ ናት ባዶ ወለል ላይ ብሬክ የምትረግጠው! ጋሼ፣ ቱ ሰቨንቲ ላይ ስንገባ ዓይኗን ትጨፍናለች እኮ!»

ጋሼ ንጉሤ ሳቁ። ሊያም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ እውነት ነው። ከተማውን የሚዞረው ቱ ሰቨንቲ የሚሉት ሃይዌይ ገና መግቢያውን ሳየው ልቤ ይቆማል። ሁሉ የሚበር ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ የኔ ደቂቃ መጣች። የተናገርኩትን ማን አፌ ላይ እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ነገ ጠዋት ቱ ሰቨንቲን እኔ እነዳለሁ። አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ። ከዌስተርቪል መግቢያ ገብቼ ደብሊን መውጫ ላይ እወጣለሁ። ካቃተኝ ዕቃዬን አሽጌ ዳላስ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ አላነሣውም።»

ደረጀ ሊያን አየ፤ ሊያ ትከሻዋን ነቀነቀች። ያልወሰነው መራጭ ትራሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተነሡና «እኔ ድምፄን የምሰጠው ነገ ነው፤ ታዛቢ ሆኜ አብሬ እሄዳለሁ» ብለው ወደ ፎቃቸው ወጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዕጩዎቹ መድረኩን ለቀው ሄደዋል። ማን እንዳሸነፈ አንዳችንም አላየንም።

በማግስቱ ሊያ ትምህርት ቤት ሄደች። እኛ ሦስታችን መኪና ውስጥ ገባን። ጋሼ ንጉሤ እውነትም ከነትራሳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ደረጀ ከጎኔ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጁ ይዟል። ጠዋት ቡናውን አልጨረሰም። እኔ ቁርስ የሚባል ነገር አልቀመስኩም።

ዌስተርቪል ጋ ስንደርስ የሃይዌዩ መግቢያ ታየኝ። መሪው እጄ ላይ ይንሸራተታል፤ ላብ ነው። መግቢያውን ይዤ ዞርኩ። ግራዬን ሳይ መኪናው አያቋርጥም፤ ከኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ ትራክ እየመጣ ነው። እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሣ። መኪናዋ እየቀዘቀዘች መጣች። ከኋላዬ አንድ ሰው ክላክሱን ለቀቀው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። ደረጀ ዝም ቢል ያሸንፍ ነበር። ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልገውም፤ እኔ እዚያው ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ ወደ ቤት እንመለሳለን፣ ለሳምሶን ይደውላል። ዕድሜውን በሙሉ ዝም ማለት ያቃተው ሰው፣ ለአንዴ ዝም ቢል ዳላስ የሱ ነበረች።

«አትቁሚ፣ ትጊ» አለኝ። አልጮኸም። ሊያ ሕፃን ሆና ስትታመም ያስተኛት በነበረበት ድምፅ ነው። «ነዳጁን ስጫት። ስጫት፣ አይዞሽ። መስታወትሽን እይ። ትራኩ ይለፍ። አለፈ? አሁን ግቢ። አሁን!»

ገባሁ።

መኪናዋ ከሌሎቹ ጋር ስትሄድ ተሰማኝ። ማንም አልበረረም። ሁሉም እንደኔ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነው፤ አንዷ መስታወት እያየች ትኳኳላለች፣ አንዱ ሳንድዊች ይበላል። ከኋላ የጋሼ ንጉሤ ድምፅ መጣ፤ «ታዛቢው እንዳየው እስካሁን ዓይኗን አልጨፈነችም።» ደረጀ ግን እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ በባዶ ብሬክ ይረግጣል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወደ ፊት ሄዷል። ምንም አላልኩትም፤ ስሜቱን ስለማውቀው።

ደብሊን ላይ ወጥቼ አንድ የቢሮ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባሁና ሞተሩን አጠፋሁ። ደረጀ በሩን ከፍቶ ወረደ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ስልኩን አወጣ፤ እንደ ልማዱ ስፒከር ላይ ስለሆነ ሁሉንም ሰማን።

«ሳምሶን፣ አልመጣም» አለ። «አይ፣ ደህና ነን። አይ፣ አልተጣላንም። ትዕግስት እዚህ ሥራ አላት... አዎ፣ ትዕግስት። ሹፌር ናት።»

ገና ሥልጠና እንኳን አልጀመርኩም እኮ! ሲመለስ ፊቱን አየሁት፤ የደስታ ፊት አልነበረም። የደከመው ሰው ፊት ነበር። እጁን ያዝኩት፤ እሱም አልነጠቀኝም። ጋሼ ንጉሤ ከኋላ «ድምፄን ማን ይቀበለኝ?» አሉ።

የቤቱን ውል አደስን፤ ሰኞ ሥልጠና ገባሁ። ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅኩ፤ ያን የሚያህል ባስ ወደ ኋላ እያስኬዱ ማቆም ቀልድ አይደለም። ደረጀ እሑድ እሑድ ባዶ ፓርኪንግ ወስዶ ፕላስቲክ ባልዲ እየደረደረ አለማመደኝ፤ ስንት ባልዲ እንደጨፈለቅኩ እሱ ይንገራችሁ። በሁለተኛው አለፍኩ። እሱም በኋላ ያገለገለ ቫን ገዝቶ አረጋውያንን ሐኪም ቤት ማመላለስ ጀመረ። ቫኗ ያልቃል የማይባል ብልሽት አለባት፤ ግን የደረጀ ናት። አልዋሻችሁም፣ ሳምሶን ደውሎ ስለ አዲሱ ትራኩ ሲነግረው፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ዝም የሚልበት ቀን አለ። እንደዚያ ሲሆን «ምን እያሰብክ ነው?» እለውና እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ይነግረኛል፣ አንዳንዴ ይተወዋል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ባሌ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቀኝ። መልሴን የሚያውቀው መስሎት ነው። እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር። ጠያቂ ሲመጣና ሁሉም ዝም ሲል ነው ከውስጤ ሌላ መልስ የወጣው። እናንተም ቤት ሁልጊዜ «እሷ ከኔ ጋር ናት»፣ «እሱ ምን ይላል» የሚባል ሰው ካለ፣ ፖለቲከኞቹን እስክትጠብቁ አትቆዩ። ሁለት ደቂቃ ስጡት። የመጀመሪያ ዝምታውን ደግሞ አትቁጠሩበት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቢጫውን ባስ ይዤ ስወጣ፣ መንገዴ ላይ የባቡር ሐዲድ አለ። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ባቡር ኖረም አልኖረም የስኩል ባስ ሐዲድ ጋ ሲደርስ መቆም አለበት። ባሱን አቆማለሁ። ሬዲዮውን አጠፋለሁ። እጄን ከፍ ሳደርግ ከኋላዬ ያሉት ልጆች ጫጫታቸውን ያቆማሉ። መስኮቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ የፊቱን በር እከፍታለሁ፣ ቀዝቃዛው አየር ይገባል። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን እናዳምጣለን።